ሰማይን ማዳመጥ፦ ከይጁቤ አፋፍ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ይጁቤ የሚወስደው መንገድ የጎጃምን ደጋ ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል። ግራ ቀኙ የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው። በስተሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተዘርግቷል፤ በስተደቡብ ሜዳው ሳይታሰብ ይቆረጥና የአባይ በረሃ ይጀምራል። ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ወረዳውን ከኦሮሚያ ክልል የሚለየውም አባይ ራሱ ነው። ወደዚህ የመጣ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ስለ ገደሉ ነው፤ የሚያስጽፍ ገደል ስለሆነም አይፈረድበትም። እኔ ግን ከዚህ አፋፍ ላይ ስለ ሰማዩ መጻፍ እፈልጋለሁ። በሌላው ዓለም ብዙ ሰው የሚወደው፣ እኛ ዘንድ ግን ስሙ ሲነሳ ፊት የሚያስጠቁር አንድ የትርፍ ጊዜ ሥራ አለ፤ የጦር አውሮፕላኖችን የሬዲዮ ንግግር ማዳመጥ። ይጁቤ አጠገብ የአየር ኃይል ምድብ የለም። ታዲያ ጉዳዩን ከዚህ ማንሳት ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ለዚህ ሥራ ከምድቡ መቅረብ የሚታሰበውን ያህል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ከፍታና የተገለጠ አድማስ ነው። እሱ ደግሞ ለጎጃም ደጋ ሞልቶለታል። ቀሪው ጥያቄ በሰማይ ላይ የሚነገረውን መስማት ለማን የተፈቀደ ነው የሚለው ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ሞገድን መስማት የማንም ሰው መብት ሊሆን ይገባል፤ ምስጢርን የመጠበቅ ግዴታ ያለበት የሚናገረው እንጂ የሚሰማው አይደለም። ይህን ለማለት ያበቃኝን ምክንያት፣ እንዲሁም ሊነሱብኝ የሚችሉትን ከባድ ተቃውሞዎች በተራ አቀርባለሁ።

ሥራው ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። በእንግሊዝ አገር የአሜሪካ አየር ኃይል በሚጠቀምባቸው በሌክንሄዝና በሚልደንሆል ምድቦች አጥር ዙሪያ፣ በጃፓን ደግሞ ኦኪናዋ ውስጥ ከካዴና ምድብ ፊት ለፊት ባለ የመንገደኞች ማረፊያ ሰገነት ላይ፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች ቆመው ይውላሉ፤ ብዙዎቹ በእጅ የሚያዝ ተቀባይ ሬዲዮም አላቸው። አጥር አይሻገሩም፤ በሬዲዮ አንዲት ቃል አይናገሩም። ማየት፣ መስማትና መመዝገብ ብቻ ነው ሥራቸው። መዝገባቸው ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሞገዱ ቁጥር፣ የአውሮፕላኑ መጠሪያና የተሰማው ንግግር ይሰፍራል። ሲቪል አውሮፕላኖች ከመቆጣጠሪያ ማማ ጋር የሚነጋገሩት ከ118 እስከ 137 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ የጦር አውሮፕላኖች በብዙ አገሮች ከ225 እስከ 400 ሜጋ ኸርዝ ያለውንም ይጠቀማሉ። ለሩቅ ጉዞ አጭር ሞገድ አለ። ዱሮ ይህን ሁሉ የሚቀበል መሣሪያ ውድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ግን በኮምፒውተር ቴሌቪዥን ለማየት ተብላ የተሠራች አንዲት አነስተኛ መቀበያ፣ በሶፍትዌር ከታገዘች ሰፊ የሞገድ ክልል መስማት እንደምትችል ታወቀ። ከዚያ በኋላ አንድ ተማሪ ላፕቶፕ፣ ይህችን መቀበያና በልኩ የተቆረጠ ሽቦ ካገኘ ቀድሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብቻ ይችለው የነበረውን መስማት ቻለ። ሕጎቻችን የተጻፉት ይህ ከመሆኑ በፊት በነበረው አስተሳሰብ ነው፤ ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ይጁቤ ላይ ሆነን እናስላ። የዚህ ዓይነቱ ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ድንበሩ የምድር ክብነት ነው። የአውሮፕላኑን ከፍታ በሜትር ወስደን ስኩዌር ሩቱን በ4.12 ብናባዛው ንግግሩ የሚሰማበትን ርቀት በኪሎ ሜትር እናገኛለን። ከአድማጩ በላይ 10 ሺህ ሜትር ላይ ያለ አውሮፕላን እስከ 412 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል ማለት ነው። ከይጁቤ በቀጥታ መስመር እስከ ቦሌ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እስከ ባሕር ዳርም ከዚያ ብዙ አይለይም፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ምድብ እስካለባት እስከ ቢሾፍቱ 200 ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከቢሾፍቱ የተነሳ ጄት ከይጁቤ ደረጃ በላይ 2,400 ሜትር ያህል ሲወጣ በስሌቱ ወደ አድማሱ ይገባል፤ በመካከል ያለው የሸዋ ደጋና የእንጦጦ ሰንሰለት ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የምድቡ ማማ ግን መሬት ላይ ስለተተከለ ከዚህ ፈጽሞ አይሰማም። አድማጩ የሚያገኘው የአብራሪውን ወገን ብቻ ነው። እዚህ ላይ የበረራ ሥርዓት አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለው፦ አብራሪ የታዘዘውን ከፍታ፣ አቅጣጫና የሞገድ ቁጥር መልሶ የመድገም ግዴታ አለበት፤ ማማው በትክክል መሰማቱን የሚያረጋግጠው በዚህ ነው። በመሆኑም የማይሰማው ግማሽ ንግግር በሚሰማው ውስጥ ተደግሞ ይገኛል። ከይጁቤ ወደ ወንዙ በወረዱ ቁጥር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ከሸለቆው አፋፍ እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ ገደሉ ግራ ቀኝ ሲዘጋ አድማሱ ይጠብና ከአናት በላይ ካለው ጠባብ ሰማይ በስተቀር ምንም አይሰማም። ጎጃም በአንድ ወረዳ ውስጥ እጅግ የተገለጠ ጆሮና እጅግ የተዘጋ ጆሮ አላት ማለት ይቻላል።

የአውሮፕላን ንግግር ለምን እንዲህ ለሁሉም ክፍት ሆነ? በቸልታ አይደለም። የዛሬው የሙዚቃ ሬዲዮ በኤፍ ኤም ሲሠራ የአውሮፕላን ሬዲዮ እስካሁን በጥንቱ በኤ ኤም ነው የሚሠራው። በኤፍ ኤም ሁለት ሰዎች እኩል ቢናገሩ ጉልበተኛው ደካማውን ይውጠዋል፤ ደካማው መናገሩን እንኳ የሚያውቅ የለም። በኤ ኤም ግን ሁለቱ ሲጋጩ ፉጨት ይወጣል፤ ፉጨቱም ለሚሰማው ሁሉ ሌላም ሰው ሊናገር ሲሞክር እንደነበር ይነግራል። ፉጨት ብቻውን ሁልጊዜ አያድንም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ቴኔሪፍ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ ሊያስጥል ይችል የነበረው ቃል በእንዲህ ያለ ፉጨት ተሸፍኖ ነበር። ግን ከአደጋው የተወሰደው ትምህርት ንግግሩ ይበልጥ ጥርት ይበል የሚል ነበር፤ ይዘጋ ያለ አልነበረም። እያንዳንዱ አብራሪ የሌላውን ንግግር የሚሰማው የት እንዳለ ለማወቅና ከመንገዱ ለመራቅ ነው። የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚደረግበት 121.5 ሜጋ ኸርዝ እና የጦር አውሮፕላኖች የአደጋ ጥሪ የሆነው እጥፉ፣ 243 ሜጋ ኸርዝ፣ ማንም ይሰማቸው ዘንድ የተመደቡ ናቸው። ለሁሉም ጆሮ ተብሎ በተሠራ ሥርዓት ውስጥ የገባ ተራ አድማጭ የማንንም በር አልሰበረም።

ምስጢር የላኪው ኃላፊነት ነው ስል ከራሳችን ታሪክ ማስረጃ አለኝ። በ1928 ዓ.ም. ከማይጨው ጦርነት በፊት ጣሊያኖች ከንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሰፈር የሚወጣውን የሬዲዮ መልእክት ይጠልፉ ነበር፤ የጣሊያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ ጦርነቱን ሲያቅድ ይህ በእጁ ነበር። የእኛ ወገን የተጎዳው ጠላት ጆሮ ስለነበረው ሳይሆን መልእክቱ በሚገባ ስላልተመሰጠረ ነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ተገለበጠ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ሚሲዮን 101 የተባለውን ቡድን ይዞ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ፣ አዛዥ ከበደ ተሰማም የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል ሆነው አብረው ነበሩ፤ ቡድኑ ከካርቱም ጋር የሚገናኘው በበቅሎ በተጫነ የሬዲዮ መሣሪያ ነበር። በኅዳር 1933 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት በትንሽ አውሮፕላን ሰከላ አካባቢ አርበኞች ባዘጋጁት ሜዳ ላይ አርፎ ከሳንድፎርድ ጋር የተገናኘውም በዚህ ሬዲዮ ቀጠሮ ተይዞ ነው። በዚያው ጊዜ እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ የነበረውን የጣሊያን ምድር ጦርና አየር ኃይል የምስጢር ጽሑፍ ፈትተው ያነቡ ነበር። ጣሊያኖች የአገሬውን ሰው ሬዲዮ ቢከለክሉ እንኳ አይጠቅማቸውም ነበር፤ የሚሰማቸው ሌላ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን ከይጁቤ ሰሜን፣ ደብረ ማርቆስ ላይ የሆነው ነው። ከተማዋ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ስትያዝ ጣሊያኖች ወደ አባይ መሻገሪያ፣ ወደ ሸፈርታክ የዘረጉት የስልክ መስመር አልተቆረጠም ነበር። ጦርነቱን የጻፉ እንደሚተርኩት ስልኩ ሲጮህ ከዊንጌት ጋር የነበረውና ጣሊያንኛ የሚያውቀው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ኤድመንድ ስቲቨንስ አነሳው፤ 10 ሺህ የእንግሊዝ ጦር ወደ እናንተ እየመጣ ነው ብሎም ነገራቸው። እንዲህ ያለ ጦር በአካባቢው አልነበረም። ጣሊያኖቹ ግን መሻገሪያውን ጥለው ሄዱ። መጋቢት 28 ቀን ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ከታሪኩ የምወስደው ይህንን ነው፦ ማን እንደሚሰማው ሳያረጋግጥ የተናገረ ሠራዊት ጥፋቱ የራሱ ነው። ይህን የሚያውቅ አገር ገበሬውንና ተማሪውን ከመከልከል ይልቅ የራሱን መልእክት ያጠብቃል።

የደጋ አገር ለማዳመጥ እንደሚመች ቀድሞ የገባቸው የውጭ ሰዎች ናቸው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1943 አሥመራ ላይ የጣሊያን ባሕር ኃይል ይጠቀምበት የነበረውን የሬዲዮ ጣቢያ ተረክበው፣ በኋላ ቃኘው የተባለውን ሰፊ የማዳመጫ ጣቢያ አቋቋሙ። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1953 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በውል ጸደቀ፤ እስከ 1977ም ቆየ። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፣ ለምድር ወገብም የቀረበች ስለሆነች አጭር ሞገድ በደንብ ይሰማባታል። የዚያን ጊዜው መንግሥት የውጭ ኃይል በአገሩ ደጋ ላይ ሆኖ የዓለምን ሰማይ እንዲያዳምጥ ፈቀደ፤ በምትኩ የጦር መሣሪያና ሥልጠና አገኘ። ስለ ጥቅሙና ጉዳቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ለባዕድ በውል የተሰጠው ጆሮ ለአገሬው ተማሪ በፈቃድ እንኳ ሳይሰጥ መቅረቱ ልክ አልነበረም፤ ዛሬም ልክ አይሆንም።

ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ። የመጀመሪያው ጠላት ይጠቀምበታል የሚለው ነው። አድማጭ አንድ ጄት መነሳቱን አውቆ ለሚፈልገው ቢነግርስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አድማጭን ሁሉ ወንጀለኛ ማድረግ አይደለም። የጠላት መንግሥት የራሱ ራዳር፣ ሳተላይትና የሠለጠነ ባለሙያ አለው፤ ከይጁቤ ተማሪ የሚማረው ነገር ብዙም የለም። ከምድብ አጥር ውጭ የቆመ ሰው ጄት መነሳቱን ለማወቅ ሬዲዮ አያሻውም፤ ጆሮ ይበቃዋል። እውነተኛ ምስጢር ያለበት ንግግርም ዛሬ በተመሰጠረ ሬዲዮ ነው የሚሄደው። ይህን በግሪክ የሆነው በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2001 ካላማታ በተባለው የአየር ኃይል ምድብ 12 እንግሊዛውያንና 2 የኔዘርላንድ ዜጎች አውሮፕላን ሲመለከቱና ሲመዘግቡ ተይዘው ታሰሩ። በሚያዝያ 2002 ፍርድ ቤት በስለላና በስለላ ተባባሪነት ጥፋተኛ አላቸው፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ይግባኝ ሰሚው ሁሉንም በነፃ አሰናበተ። የግሪክ አየር ኃይል ከዚህ ክስ ያተረፈው ደህንነት የለም፤ የተረፈው በብዙ አገር ጋዜጦች ላይ የቆየ ክርክር ነው። በተቃራኒው እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ምን አደረገች? በፈቃድ ሬዲዮ የሚሠሩ አማተሮቿን የማሰራጫ መሣሪያቸውን ሰብስባ፣ ማድመጫቸውን ትታላቸው፣ የጀርመንን የስለላ ድርጅት መልእክት ከየቤታቸው እንዲይዙላት አሰለፈቻቸው። ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በሰላሙ ጊዜ ለመዝናኛ ያዳመጠ ጆሮ በክፉ ቀን አገር አገልግሏል። መከልከል ቢቀድም ኖሮ ያ ጆሮ አይገኝም ነበር።

አድማጭ ለሕዝብ የሚሰጠው ጥቅምም ከሩቅ አይፈለግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎች አለቁ። የድምፅና የበረራ መረጃ ሣጥኖቹ ገና ሳይገኙ፣ አውሮፕላኑ ሲወጣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄድበት ፍጥነት ያልተረጋጋ እንደነበር ዓለም በዚያው ዕለት አወቀ። ያወቀውም አውሮፕላኖች በ1090 ሜጋ ኸርዝ ያለ ምስጠራ ከሚለቁት የቦታና የከፍታ መረጃ ነው። ይህን መረጃ የሚሰበስበው ፍላይትራዳር24 እ.ኤ.አ. በ2006 በሁለት ስዊድናውያን የአውሮፕላን ወዳጆች የተጀመረ ሲሆን፣ መረጃውን በአብዛኛው የሚያገኘው በየአገሩ ፈቃደኞች ከተከሏቸው መቀበያዎች ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ካናዳ የተከሰከሰውን አውሮፕላን ዓይነት፣ ቦይንግ 737 ማክስን፣ ስታግድ፣ ከሳተላይት የተገኘ ተመሳሳይ መረጃ ቀደም ሲል ኢንዶኔዥያ ላይ ከወደቀው የዚያው ዓይነት አውሮፕላን በረራ ጋር መመሳሰሉን በምክንያትነት ጠቀሰች። አሜሪካም በዚያው ቀን አገደች። ጥፋቱን ወደ አብራሪዎቻችን ለመግፋት የሚሞክሩ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሁሉም የተከፈተው ሞገድ የኢትዮጵያን ስም ከመጉደፍ አድኗል። ይህን እያወቅኩ ሞገድ መስማት ነውር ነው የሚለውን ሰው ልቀበለው አልችልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ ከሕግ ሳይሆን ከኀዘን ስለሚመጣ። ጎጃም ውስጥ ዛሬ የአውሮፕላን ድምፅ የመዝናኛ ነገር አይደለም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው በሆስፒታል ምንጮች ተነግሯል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ ብዙ ቦታ ሰማይ ሲያጓራ እናት ልጇን ወደ ቤት ትጠራለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አውሮፕላን ማዳመጥ መጻፍ ልብ የሌለው ሰው ሥራ አይደለምን? ጥያቄውን አከብራለሁ። ይጁቤም ሆነ ደብረ ማርቆስ ዛሬ አንቴና ሰቅሎ እንዲያዳምጥ ማንንም አልመክርም፤ በግጭት መካከል እንዲህ ያለ መሣሪያ የያዘ ወጣት ከተፋላሚዎቹ ከሁለቱም ወገን ጥርጣሬ ሊያተርፍ ይችላል፤ ጥርጣሬውም ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። ነገር ግን ይህ እውነት መከልከልን አይደግፍም። ሰው አሁን አብዝቶ የሚፈራው ድሮን በድምፅ አይናገርም፤ አብራሪው ሩቅ ተቀምጦ በተመሰጠረ መስመር ነው የሚመራው። ይጁቤ ላይ ምርጡ መቀበያ ቢተከል ስለ እሱ የሚሰማ አንድ ቃል የለም። ስለዚህ የሚፈራው ነገር ለአድማጭ ዝግ ነው፤ ለአድማጭ ክፍት የሆነው ደግሞ መንገደኛ የጫነው፣ መድኃኒትና እህል የሚያመላልሰው፣ ወታደር ቢሆንም መንገድና ማረፊያ የሚጠይቀው አውሮፕላን ነው።

ማዳመጥ ማድነቅ ነው የሚለውንም አልቀበልም። የኦኪናዋ ሰዎች ለአሥርት ዓመታት የካዴናን ጄቶች ድምፅ ሲለኩና ሰዓቱን ሲመዘግቡ የኖሩት ምድቡን ስለሚወዱት አይደለም፤ በመዝገባቸው ፍርድ ቤት ሄደው ካሳ የተፈረደላቸው ጊዜ አለ። አውሮፓ ውስጥም አውሮፕላን መመልከት የሚወዱ ተራ ሰዎች በየአየር ማረፊያው የመዘገቧቸው የጅራት ቁጥሮች፣ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት እስረኞችን በምስጢር ያጓጉዝ እንደነበር ለማጋለጥ ረድተዋል። አባቶቻችን ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር። ሰማይ ዛሬም አይታረስም፤ በሰማይ የሚሆነውን ግን በመዝገብ ይዞ መጠየቅ እንደሚቻል እነዚህ ሰዎች አሳይተዋል። የሚበር ነገር ሁሉ የሚያስፈራው ሰው ሳይሰማና ሳያውቅ ከሚቀር ይልቅ ምን እንደሚበር ቢያውቅ ፍርሃቱ መልክ ይይዛል ብዬ አምናለሁ። በፍርሃት ውስጥ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ሕጉ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በእኛ አገር የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትንና መሸጥን በጽኑ እስራት ያስቀጣል። አዋጁ ሲወጣ የታሰበው የስልክ ጥሪ ማጭበርበር ቢሆንም አነጋገሩ ሰፊ ስለሆነ ተራ ተቀባይ የያዘ ሰው ራሱን የት እንደሚያገኝ እርግጠኛ ሊሆን አይችልም። ሌላው ዓለምም አንድ መንገድ አልያዘም። የእንግሊዝ ሕግ ለእርስዎ ያልተላከ መልእክትን ሆን ብሎ ማዳመጥን ይከለክላል፤ በተግባር ግን በየአጥሩ የቆሙት አድማጮች አይነኩም። የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1986 የአውሮፕላንና የመርከብ ሬዲዮን ማዳመጥ እንደማያስቀጣ በግልጽ ጽፏል። ከሁለቱ የሚሻለው የኋለኛው ነው፤ በጽሑፍ የተከለከለና በዝምታ የተፈቀደ ነገር ዜጋውን በባለሥልጣን መልካም ፈቃድ ሥር ያኖረዋል። ለእኛ የሚስማማው፣ በእኔ አስተያየት፣ መቀበልን ነፃ አድርጎ፣ የጦር አውሮፕላንን እንቅስቃሴ በዚያው ሰዓት ለሌላ ማስተላለፍን ግን የሚያስጠይቅ ድንጋጌ ነው። ጥፋቱ ያለው በመናገሩ ላይ ከሆነ ሕጉም እሱን ይያዝ። ይህን ማድረግ የሚችል መሥሪያ ቤት አለን፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሞገድን የማስተዳደር ሥልጣን ተሰጥቶታል። የአማተር ሬዲዮ ልምድም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጠሪያ የሚሠራው የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ተማሪዎችን አሠልጥኗል፤ ከመላው ዓለም አማተሮችም ጋር በሞገድ ይነጋገራል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ፣ ቅንጦት ነው የሚለውን፣ ብዙ አልዘገይበትም። ዋጋው ከአንድ ተራ የእጅ ስልክ ያነሰ መቀበያ ለአንድ የፊዚክስ ወይም የኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተማሪ የሚሰጠው ትምህርት ከብዙ ላብራቶሪ ዕቃ ይበልጣል፤ የሞገድ ርዝመትን ቆርጦ በሠራው አንቴና ይለካል፤ የምድርን ክብነት በጆሮው ይፈትናል፤ አብራሪዎች የሚናገሩትን አጭርና ጥብቅ እንግሊዝኛም ይለምዳል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ይጁቤም ሩቅ አይደለችም። ሰላም ሲወርድ ዩኒቨርሲቲው ለባለሥልጣኑ ማመልከቻ አስገብቶ፣ በወረዳው አስተዳደርና በአካባቢው የጸጥታ ኃላፊዎች ታውቆ፣ አንድ የተመዘገበ ማዳመጫ በአባይ አፋፍ ላይ ቢተክል የመጀመሪያ ሥራው የጦር ጄት መቁጠር መሆን የለበትም። በ1090 ሜጋ ኸርዝ የሚመጣውን የመንገደኛ አውሮፕላን መረጃ ይቀበል፤ ከአፋፉ እስከ ወንዙ እየወረደም ሞገዱ የት ላይ እንደሚቆረጥ በካርታ ያስቀምጥ። በሸለቆው ውስጥ ሄሊኮፕተር ቢወድቅ ወይም ሰው ለማንሳት ቢገባ፣ ሬዲዮው ከየትኛው ጠመዝማዛ በታች ዝም እንደሚል፣ እኔ እስከማውቀው፣ ዛሬ በካርታ ላይ ያሰፈረ የለም።